ለምጥ መዘጋጀት፦ የተፈጥሯዊ ወሊድ ትምህርቶች ዳሰሳ

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በለንደን ወይም በስቶክሆልም የምትኖር ነፍሰ ጡር ኢትዮጵያዊት በእርግዝና ክትትሏ ወቅት የወሊድ ዝግጅት ትምህርት እንድትወስድ ትመከራለች። ልመዝገብ ስትል የሚቀርብላት ስም ግን ብዙ ነው፦ ላማዝ፣ ብራድሊ፣ ሂፕኖበርዚንግ፣ ሆስፒታሉ ራሱ የሚሰጠው ኮርስ፣ በስልክ የሚታይ የቪዲዮ ትምህርት። ሁሉም “ተፈጥሯዊ ወሊድ” የሚለውን ቃል ይጠቀማሉ፤ የሚያስተምሩት ግን ይለያያል፣ ዋጋቸውም ከነፃ እስከ ብዙ መቶ ዶላር ይደርሳል። አዲስ አበባ ያለችው እናት ደግሞ ትምህርቱ መኖሩን የምትሰማው ብዙ ጊዜ ከጓደኛ ነው፤ የት እንደሚገኝና ምን እንደሚጠቅማት የሚነግራት ሰው ማግኘት ይከብዳታል።

ይህ ዳሰሳ ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ ይሄዳል። ትምህርቶቹ ከየት መጡ? ይጠቅማሉ የሚባለው ምን ማስረጃ አለው? አንዲት እናት ከእነዚህ ሁሉ እንዴት ትምረጥ? የምደርስበትን አስቀድሜ ልናገር። ትምህርት በስሙ አይመረጥም። የሚመረጠው ሦስት ነገር ሲሠራ ነው፦ ሰውነትን ሲያለማምድ፣ ምጥ ላይ አብሮ የሚሆነውን ሰው ሲያሰለጥን፣ የታሰበው ሳይሆን ሲቀር እንዴት እንደሚወሰን ሲያስተምር። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርቶቹ ከየት መጡ?

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአውሮፓና በአሜሪካ ሀብታም ሴቶች የሚመኙት ወሊድ ተኝቶ መውለድ ነበር። ሞርፊንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መድኃኒቶች ተቀላቅለው ይሰጧታል፤ ታምጣለች፣ ትጮኻለች፣ ስትነቃ ግን ምንም አታስታውስም። ልጅ መውለዷን የምትሰማው ከነርሷ ነው። ባል ደጅ ተቀምጦ ይጠብቃል። የተፈጥሯዊ ወሊድ እንቅስቃሴ የተነሳው ይህን አሠራር በመቃወም ነው፤ እናትየዋ ነቅታ፣ እያወቀች፣ እየተሳተፈች ትውለድ በሚል።

የመጀመሪያውን ትልቅ ድምፅ ያሰማው እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ ነው። በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ ፍርሃት ሰውነትን ያወጥራል፣ የተወጠረ ሰውነት ደግሞ ሕመሙን ያበዛል፣ የበዛው ሕመም መልሶ ፍርሃትን ይጨምራል ብሎ ተከራከረ። ሴቲቱ ምን እንደሚገጥማት ካወቀችና መላላትን ከተለማመደች ሰንሰለቱ ይበጠሳል አለ። ይህ አሳብ እስከ ዛሬ የብዙዎቹ ትምህርቶች መሠረት ነው።

ዲክ ሪድ ግን አብሮ ሌላ ነገርም አስተምሯል። “ያልሠለጠኑ” ሴቶች ፍርሃት ስለሌላቸው በቀላሉ ይወልዳሉ የሚል እምነት ነበረው። ይህ አነጋገር ከእሱ ጋር አልተቀበረም። አፍሪካውያን ሴቶች ምጥ ይችላሉ፣ ማደንዘዣ አያስፈልጋቸውም የሚል አመለካከት ዛሬም በውጭ አገር ማዋለጃ ክፍሎች ያሉ እናቶቻችንን ያገኛቸዋል። እውነታው ሌላ ነው። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግምት መሠረት ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንፃር 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሞተዋል። በአሜሪካም በ2021 የጥቁር እናቶች የሞት መጠን ከነጮቹ 2.6 እጥፍ ነበር። በቀላሉ መውለድ በዘር የሚሰጥ ስጦታ አይደለም። ይህን የሚያስተምር ክፍል የገጠማት እናት ሌላ ብትፈልግ ይሻላታል።

ሁለተኛው ምንጭ ሶቪየት ኅብረት ነው። የዚያ አገር ሐኪሞች ከሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ ትምህርት ተነስተው አእምሮን በማሠልጠን ምጥን የሚያቀል ዘዴ አበጁ። ፈረንሳዊው የማህፀን ሐኪም ፈርናንድ ላማዝ በ1951 ወደዚያ ሄዶ አየው፤ ተመልሶም ፓሪስ ውስጥ በብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ሥር በነበረው ክሊኒክ ሥራ ላይ አዋለው። ዘዴው ከሶቪየት መምጣቱ ጥርጣሬ ቢያስነሳም የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1956 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ከሃይማኖት ጋር እንደማይጋጭ ተናገሩ። ወደ አሜሪካ የተሻገረው ፓሪስ የወለደችው አሜሪካዊት ማርጆሪ ካርመል በ1959 ስለ ገጠመኟ መጽሐፍ ካሳተመች በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት እሷና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ኤልዛቤት ቢንግ ከሌሎች ጋር ሆነው የአሜሪካውን የላማዝ ማኅበር መሠረቱ። ፊልሞች ላይ የሚታየው ፈጣን “ሁ ሁ ሄ” አተነፋፈስ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። የዛሬው ላማዝ በስድስት ምክሮች ላይ ይቆማል፦ ምጥ በራሱ ጊዜ ይጀምር፤ በምጥ ጊዜ ተንቀሳቀሺ፤ የምታምኚው ሰው አብሮሽ ይሁን፤ ያለ በቂ ምክንያት የሕክምና ጣልቃ ገብነት አይኑር፤ በጀርባሽ ተኝተሽ አትግፊ፤ ከተወለደ በኋላ እናትና ልጅ አይለያዩ።

ሦስተኛው ሮበርት ብራድሊ ነው፤ በዴንቨር ከተማ ይሠራ የነበረ የማህፀን ሐኪም። በ1965 ባወጣው መጽሐፍ ባልን ከደጅ አንስቶ ከሚስቱ ራስጌ አስቀመጠው። የብራድሊ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ነው፤ መድኃኒትን በመራቅም የበለጠ ጥብቅ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ በ1956 በፕሩንላ ብርያንስ አነሳሽነት የተቋቋመው የወላጆች ማኅበር፣ ዛሬ ኤን ሲ ቲ ተብሎ የሚታወቀው፣ ትምህርቱን ከሐኪም እጅ አውጥቶ ወደ እናቶች ሰፈር አመጣው። ሂፕኖበርዚንግ በ1989 በአሜሪካዊቷ ማሪ ሞንጋን የተጀመረ ነው፤ በጥልቅ መላላት፣ በተመረጡ ቃላትና በምናብ ላይ ያተኩራል፤ ራሱ ዲክ ሪድ የተናገረውን በሌላ መንገድ የሚደግም ነው።

ተፈጥሯዊ የሚባለው የትኛው ነው?

ይህ ጥያቄ ለእኛ አገር ሰው ከማንም በላይ ያስፈልጋል። በ2000 በኢትዮጵያ ከመቶ ወሊድ 5ቱ ብቻ በጤና ተቋም ይፈጸሙ ነበር፤ በ2016 26 ደረሱ፤ በ2019 48። ይህ ለውጥ እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያ ለማምጣት የተከፈለ ብዙ ድካም ውጤት ነው። ገጠር ውስጥ ባለሙያ በሌለበት ቤት የምትወልድ ሴት “ተፈጥሯዊ ወሊድ” የመረጠች ሴት አይደለችም፤ ምርጫ ያልነበራት ናት።

ተፈጥሮ ብቻዋን ስትተው ምን ልታደርግ እንደምትችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 አዲስ አበባ ሲመጡ ያገኟቸው ሴቶች ልጁ በዳሌያቸው ማለፍ አቅቶት ለቀናት ያማጡ፣ ልጃቸውን ያጡና በፌስቱላ ሳቢያ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያልቻሉ ነበሩ። በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ሕክምናው ብቻውን እንደማይበቃ ስለታመነም በ2007 የሐምሊን የሚድዋይፎች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ገጠር ውስጥ የሠለጠነ አዋላጅ እንዲኖር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። ጥሩ የተፈጥሯዊ ወሊድ ዝግጅት በቅርብ የሠለጠነ አዋላጅና ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሆስፒታል መኖሩን እንደ መነሻ ይወስዳል።

በዚያው አገር ግን ሌላኛው ችግርም አለ። በ2016ቱ ጥናት በኦፕሬሽን የተወለዱ ሕፃናት በአገር አቀፍ ደረጃ 2 በመቶ ገደማ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ከ20 በመቶ በላይ ነበሩ። ገጠር ያለችው እናት የሚያስፈልጋትን ቀዶ ሕክምና አታገኝም፤ ከተማ ያለችው ደግሞ ላያስፈልጋት ይችላል። ስለዚህ የትምህርቱ ዓላማ ለሁለቱም አንድ አይደለም። ለአንዷ “በጊዜ ጤና ጣቢያ ድረሺ” ነው፤ ለሌላዋ “ለምን ኦፕሬሽን እንደታዘዘልሽ ጠይቂ” ነው። መልካም አስተማሪ ፊቷ የተቀመጠችው የትኛዋ እንደሆነች ለይታ ታውቃለች።

ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው

በብዙ ክፍሎች የሚደረግ አንድ ልምምድ አለ። እያንዳንዷ እናት አንድ ቁራጭ በረዶ በመዳፏ ትጨብጣለች፤ አስተማሪዋ ሰዓት ይዛ 60 ሴኮንድ ትቆጥራለች፤ የአንድ ጠንካራ የምጥ ቁርጠት ርዝመት ያህል። በመጀመሪያው ዙር ለማንም ምንም አይነገርም። ትንፋሽ ይያዛል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ጥርስ ይነከሳል፤ አንዳንዷ ከሠላሳ ሴኮንድ በኋላ በረዶውን ትጥለዋለች። በሁለተኛው ዙር በረዶው ወደ ሌላኛው እጅ ይዛወራል። አሁን በአፍንጫ በቀስታ ይሳባል፣ በአፍ ከሳቡት ረዘም ተደርጎ ይለቀቃል፣ አገጭ ይላላል፣ ትከሻ ይወርዳል። በሦስተኛው ዙር ባል ወይም እህት ከጎን ተቀምጦ በዝግታ አብሮ ይተነፍሳል፣ “ግማሹ አለቀ” ይላታል። በረዶው ያው ነው፤ ቅዝቃዜውም አልቀነሰም። ሴቲቱ ግን እስከ መጨረሻው ያዘችው። የበረዶ ቅዝቃዜ ከምጥ ጋር አይወዳደርም፤ ይሁን እንጂ ሰውነት ሕመም ሲመጣበት መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ለራሷ አሳይቷታል፤ ሌላ ነገር ማድረግ እንደምትችልም አይታለች።

ከዚያ ቦታ መለዋወጥ ይመጣል። በእግር መሄድ፣ በትልቅ ኳስ ላይ ተቀምጦ ዳሌን ማወዛወዝ፣ በእጅና በጉልበት መንበርከክ፣ ግድግዳ ተደግፎ መቆም። ልጁ ጀርባውን ወደ እናቱ ጀርባ ሲያዞር ምጡ ወገብ ላይ ይበረታል፤ በዚያን ጊዜ አጋዡ ከኋላ ሆኖ በሁለት መዳፉ የዳሌዋን ጎንና ጎን ወደ መካከል አጥብቆ ይጫናል፣ ወይም የእጁን ሥር ከወገቧ ግርጌ ላይ ያሳርፋል። ይህን በወረቀት ማንበብ አይበቃም። ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግ፣ የት ላይ ሲሆን እንደሚያሳርፍ የሚታወቀው በእጅ ሲሞከር ነው። አስተማሪ ለሁለት ሰዓት ስላይድ እያሳየች የምታወራበት ክፍል እውቀት ይሰጣል፤ ምጥ የሚጠይቀውን ችሎታ ግን አይሰጥም።

ጥናቶቹ ምን አሉ?

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል፤ ትምህርቶቹን የሚሸጡ ሰዎች የሚሉትን ሁሉ ጥናት አይደግፍም። በስዊድን ከአንድ ሺህ በላይ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2009 የታተመ ሙከራ ነበር። ግማሾቹ አተነፋፈስና መላላትን የሚያስተምር የተፈጥሯዊ ወሊድ ዝግጅት ወሰዱ፤ ግማሾቹ የተለመደውን ትምህርት። ኤፒዱራል የሚባለውን ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ የወሰዱት በሁለቱም ወገን 52 በመቶ ሆኑ። በእንግሊዝ በ2015 የታተመ የራስ ሂፕኖሲስ ሙከራም በ680 ሴቶች ላይ ተካሂዶ በኤፒዱራል አጠቃቀም ልዩነት አላገኘም፤ ልዩነት የታየው ሴቶቹ ከወለዱ በኋላ ስለ ፍርሃታቸው በተናገሩት ነው፤ ከጠበቁት በታች ፈርተው ነበር።

በሌላ በኩል በሲድኒ በሁለት ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2016 የታተመ ጥናት አለ። 176 የመጀመሪያ ልጅ እናቶች ነበሩበት። የሁለት ቀን ኮርሱ አተነፋፈስን፣ ማሻሸትን፣ ነጥብ ተጭኖ ሕመም ማስታገስን፣ ዮጋን፣ ምናብንና የአጋዡን ሥልጠና አንድ ላይ ይዟል። ኮርሱን ከወሰዱት ኤፒዱራል የወሰዱት 23.9 በመቶ ሲሆኑ ካልወሰዱት 68.7 በመቶ ነበሩ፤ በኦፕሬሽን የወለዱትም 18.2 በመቶ ከ32.5 በመቶ ጋር ይነጻጸራሉ። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብቻውን መደምደሚያ አይሆንም። ከስዊድኑ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን የሚጠቁመው ነገር አለ፤ አንድ ዘዴ ብቻ ከያዘ ኮርስ ይልቅ ብዙ መሣሪያ የሚያስጨብጥና አጋዡን ሥራ የሚሰጥ ኮርስ ተስፋ ሰጪ ነው።

ከዚህ ሁሉ የጠነከረው ማስረጃ ያለው ከክፍሉ ውጭ ነው። በምጥ ጊዜ ከጎኗ ሳይለይ የሚያበረታት ሰው ያላት ሴት ምን እንደምታገኝ 26 ጥናቶችን፣ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶችን የመረመረ ዓለም አቀፍ ግምገማ በ2017 ወጥቷል። እንዲህ ያሉ ሴቶች በራሳቸው የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ይላል፤ በኦፕሬሽንና በመሣሪያ የመውለድ ዕድላቸው ይቀንሳል፤ ምጡም ያጥራል። የመጀመሪያውን የምጥ ምዕራፍ ቆመውና ተንቀሳቅሰው ያሳለፉ ሴቶች ደግሞ ከተኙት ይልቅ በአማካይ በአንድ ሰዓት ከ22 ደቂቃ ቀድመው ይጨርሱታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የምጥና የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ እናትየዋ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል፤ የማህፀን በር በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር ካልተከፈተ ብሎ መቻኮልንም አይደግፍም፤ የብዙ ሴቶች ምጥ ከዚያ ዘግይቶ ጤናማ ሆኖ ይጠናቀቃልና።

ስለዚህ “ትምህርቱ ያለ መርፌ ያስወልደኛል?” የሚለው ጥያቄ የተሳሳተ መለኪያ ነው። ኤፒዱራል የወሰደች፣ በኦፕሬሽን የወለደች እናት አልወደቀችም። ትክክለኛው ጥያቄ “ምጥ ሲመጣ የማደርገውን አውቃለሁ? አብሮኝ ያለው ሰው ያውቃል? ሐኪሙ አንድ ነገር ሲያዝልኝ ልጠይቅ እችላለሁ?” የሚለው ነው።

አብሮ የሚገባው ሰው

በአገራችን በልማዱ ምጥ የያዛት ሴት በጎረቤት ሴቶች ተከባ ነው የምታምጠው። አንዷ ወገቧን ታሻለች፣ ሌላዋ ውሃ ታሞቃለች፣ “ማርያም ማርያም” እያሉ ይለማመኑላታል፤ ሙስሊሞቹም ዱዓ ያደርጉላታል። ባል ደጅ ነው። ከወለደች በኋላ ገንፎው ይገነፋል፤ እናቷ ለሳምንታት አራሷን ትይዛለች። የሕክምና እውቀት ባይኖርበትም፣ ዛሬ ጥናት የሚመክረው የማያቋርጥ ድጋፍ በዚህ ውስጥ ነበረ።

በስደት ያለችው እናት ያጣችው ይህን ነው። እናቷ ቪዛ አላገኘችም፤ ጎረቤቷን በስም አታውቀውም፤ ያለው ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም አድጎ የተማረው ደጅ መቆምን ነው። ስለዚህ በውጭ ላለች ኢትዮጵያዊት ትምህርቱን ስትመርጥ ከሁሉም የሚቀድመው ጥያቄ ባሏን ወይም እህቷን ምን ያስተምራል የሚለው መሆን አለበት። ባል በሥራ ፈረቃ ምክንያት መምጣት ካልቻለ በቅዳሜና እሑድ ተጠቃሎ የሚሰጥ ኮርስ ይፈለግ። ባል የሌላት ወይም አብሯት መግባት የማይሆንላት ደግሞ ዱውላ የምትባለውን የሠለጠነች የምጥ አጋዥ ማሰብ ትችላለች። ሜሪላንድ፣ ቨርጂንያ፣ ዋሽንግተን ዲሲና ሚኒሶታን ጨምሮ በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን ሜዲኬይድ የዱውላን ክፍያ ይሸፍናል፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩት በእነዚሁ አካባቢዎች ነው፤ አገልግሎቱ መኖሩን የማያውቁት ግን ጥቂት አይደሉም።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ተቋማት ብዙ እናቶች በአንድ ክፍል ስለሚያምጡ አጋዥ መግባት የማይፈቀድበት ቦታ አለ። እናት ይህን አስቀድማ፣ በክትትል ቀጠሮዋ ላይ ትጠይቅ። አንድ ሴት ዘመድ ብትገባስ? በምጥ ጊዜ መራመድስ ይፈቀዳል? መልሱ ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው ይለያያል፤ የሚወልዱበትን ቦታ መምረጥም የዝግጅቱ አካል ነው።

አስተማሪዋን ምን እንጠይቅ?

አንደኛ፣ ማን ናት? ሚድዋይፍ፣ ነርስ ወይም በታወቀ ማኅበር የተመሰከረላት የወሊድ አስተማሪ ናት? ስንት ወሊድ ላይ ተገኝታለች? ከሆስፒታሉ ተቀጥራ ከሆነ ትምህርቱ የሆስፒታሉን ደንብ ማስለመድ ብቻ እንዳይሆን መጠየቅ ይገባል፤ ከሆስፒታል ውጭ ከሆነች ደግሞ የሚወለድበትን ቦታ አሠራር ታውቃለች ወይ።

ሁለተኛ፣ ስንት ሰዓት ነው፣ ስንት ጥንዶች አሉበት? አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ያለውና ጥንዶቹ ከአሥራ ሁለት የማይበልጡበት ክፍል ለልምምድ ይመቻል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ለሠላሳ ጥንዶች የሚሰጥ ገለጻ ግን ለመግቢያ ያህል ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ኤፒዱራል፣ ምጥን በመድኃኒት ስለማስጀመርና ስለ ኦፕሬሽን ምን ታስተምራለች? “እኛ ስለ እሱ አናወራም” የምትል አስተማሪ ተማሪዋን ለግማሹ ብቻ ታዘጋጃታለች። ስለ አደጋ ምልክቶችም መነገር አለበት፤ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ የልጅ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ አረንጓዴ የሽርት ውሃ፣ ትኩሳት። እንዲህ ያለውን ያየች እናት አተነፋፈስ አትለማመድም፤ ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች።

አራተኛ፣ የእኔን ሁኔታ ታውቃለች? ከዚህ በፊት በኦፕሬሽን የወለደች፣ የእርግዝና ደም ግፊት ያለባት፣ መንታ የያዘች፣ እንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ የተቀመጠባት፣ ልጇ በመቀመጫው የመጣባት እናት መጀመሪያ ከሐኪሟ ጋር ትመካከር። በኦፕሬሽን የወለደች ሴት ቀጣዩን በምጥ ለመውለድ ብዙ ጊዜ ዕድል አላት፤ ሆስፒታል ውስጥ ግን መሆን አለበት።

አምስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። በውጭ አገር ያለ አዋላጅ ይህን ምጥ ላይ ሲያይ ሊደናገር ይችላል፤ ሴቲቱም በድንጋጤው ልታፍር ትችላለች። ይህ በክፍሉ ፊት የሚነገር ጉዳይ አይደለም። በክትትል ቀጠሮ ላይ፣ በአስተርጓሚ ቢሆንም ሴት አስተርጓሚ ተጠይቆ፣ በጊዜ ለሚድዋይፏ ይነገር፤ የግርዛቱን ዓይነት አይታ የወሊድ ዕቅድ እንድታወጣ። አስተማሪዋ ይህን ስትሰማ በአክብሮት የምትቀበል መሆኗ ትልቅ መለኪያ ነው።

ስድስተኛ፣ ስለ ምግብ የምትናገረው የሚሆነን ነው? በተለይ የብራድሊ ትምህርት ለፕሮቲን ትልቅ ቦታ ይሰጣል፤ ዝርዝሩ ግን ወተትና እንቁላል ላይ ያተኮረ ነው። በሁዳዴ መሀል ያለች ምዕመን ምስሩን፣ ሽሮውን፣ አተሩንና ለውዙን እንዴት እንደምታመጣጥን፣ የብረት እንክብሏንም እንዳታቋርጥ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። እርጉዝ ስለ ጾሟ ከንስሐ አባቷ ጋር ብትነጋገር መልካም ነው።

የት ይገኛል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ቦታ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው፤ የሚንቁት ግን አሉ። በየቀበሌው የሚካሄደው የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ከጤና ጣቢያ የመጣ አዋላጅ ነፍሰ ጡሮችን ሰብስበው፣ ብዙ ጊዜም ቡና ተፈልቶ፣ የሚወያዩበት ነው። ስለ አደጋ ምልክት፣ ስለ ማጓጓዣ፣ ለደም ልገሳ ስለሚዘጋጅ ሰው፣ ስለሚቀመጥ ገንዘብ ይነገራል። የጎደለው የሰውነት ልምምዱ ነው። ሕመም ማቅለያ አቀማመጥ፣ ወገብ ማሻሸትና አተነፋፈስ ለማስተማር ኳስም ሆነ ስላይድ አያስፈልግም፤ ምንጣፍና አንዲት የተዘጋጀች ሚድዋይፍ ይበቃሉ። ከሩቅ የመጡ እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩባቸው የእናቶች ማቆያ ቤቶችም ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ጊዜ አለ፣ እናቶቹ አንድ ላይ ናቸው፣ ባለሙያውም ግቢው ውስጥ ነው። ይህን ማድረግ ከባድ ወጪ አይጠይቅም፤ ለጤና ቢሮዎችና ለሚድዋይፎች ማኅበር አጥብቄ የማቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው። በከተማ ያለች እናት የምትከታተልበትን ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ የቅድመ ወሊድ ትምህርት እንዳለው ትጠይቅ፤ ከሌለው አንዲት ሚድዋይፍ ለብቻ ቀጥሮ ለሁለት ሦስት ጊዜ ከባል ጋር መማር ይቻላል።

በአሜሪካ ሆስፒታሎችና የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት ያስተምራሉ፤ ኢንሹራንሱ ይመልስ እንደሆነ አስቀድሞ መደወል ያዋጣል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምክንያት ነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጅን ወይም ባልን አስተርጓሚ ማድረግ አያስፈልግም። በእንግሊዝ የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ነፃ ክፍሎች አሉት፤ ሚድዋይፏ ካዘዘችላት ተቀጣሪ እናት ለትምህርቱ ደመወዟ ሳይቆረጥ ከሥራ መውጣት ትችላለች። በጀርመን የመንግሥት የጤና መድን ለእናትየዋ እስከ 14 ሰዓት የሚሆን የወሊድ ዝግጅት ኮርስ ይሸፍናል፤ የባል ክፍያ ግን ለብቻው ይጠየቃል። በስዊድን የእናቶች ክሊኒኮች ለወላጆች ትምህርት ይሰጣሉ። በእስራኤል የጤና ፈንዶቹ ኮርስ ያዘጋጃሉ፤ በአማርኛ የሚያግዝ ሠራተኛ መኖሩን በየቅርንጫፉ መጠየቅ ይገባል።

የቋንቋ ጉዳይ በአንድ መንገድ ይቃለላል። ስደተኛ እናቶች ባሉባቸው ብዙ ከተሞች አማርኛ የምትናገር ነርስ ወይም ሚድዋይፍ ልትገኝ ትችላለች። ቤተ ክርስቲያኖች፣ መስጊዶችና የማኅበረሰብ ማዕከላት አዳራሻቸውን በወር አንድ ቅዳሜ ለነፍሰ ጡሮች ቢከፍቱ፣ ባሎችም እንዲመጡ ከመድረክ ቢነገር፣ አንዲት እናት በባዕድ ቋንቋ ግማሹን ሳይገባት ከምትሰማው የበለጠ ታተርፋለች።

ምርጫውን በቅደም ተከተል

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለአንዲት እናት የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ የክትትል ቀጠሮዋን አታቋርጥ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢያንስ ስምንት ጊዜ ነው፤ ማንኛውም ትምህርት ይህን አይተካም። ከዚያ የምትወልድበትን ቦታ ትወስን፤ ምን እንደሚፈቅድ ትጠይቅ። ከዚያ ምጥ ላይ አብሯት የሚሆነውን ሰው ትምረጥ፤ ከተቻለ ተተኪ ጭምር። ትምህርቱ አራተኛ ነው፤ ከሰባተኛው ወር መግቢያ ጀምራ ከዘጠነኛው ወር አጋማሽ በፊት ብትጨርሰው መልካም ነው፤ የተማረችውን በየምሽቱ ለአሥር ደቂቃ ከአጋዧ ጋር ትለማመደው። ገንዘብ ካጠራት የሆስፒታሉን ነፃ ኮርስ ወስዳ የቀረውን ገንዘብ ለዱውላ ወይም ለእናቷ የአውሮፕላን ትኬት ታውለው፤ ማስረጃው የሚያዘነብለው ከጎኗ ወደሚቆመው ሰው ነውና። ትምህርቱን ወስዳ፣ አጋዧን አዘጋጅታ፣ መጠየቅን ለምዳ ወደ ማዋለጃ ክፍል የገባች እናት በምጥም ወለደች በኦፕሬሽን፣ በወሊዷ ላይ ድምፅ ነበራት። ለዚህ ሲባል የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ የሚያስቆጭ አይደለም።